ሳይቀዘቅዝ የተቆለፈ ሽቦ

ሎርና ኦግደንን ያስቀየመ ሰው እንዳስቀየማት ቶሎ አይገባውም። አትጮህም፣ አትሳደብም፣ ፊቷን እንኳን አታጠቁርም። እኔ ብሆን በዚያው ቅጽበት አፌን ከፍቼ የገበያ አዳራሹን ጣራ አነሳዋለሁ፤ በርንሊ ከተማ ውስጥ ቤርኒስ ሆልሮይድ ስትቆጣ ያልሰማ ሰው ካለ ጆሮውን ይታይ። እሷ ግን ዝም። ዝም ትልና ታስቀምጠዋለች።

ባለ ሥጋ ቤቱን ኬኔትን ልንገራችሁ። አንድ ቀን በሊጥ ለሚጋገር ፓይ የሚሆን የበሬ ሥጋ ስጠኝ ብትለው ጅማት በጅማት አድርጎ ጠቅልሎ ሰጣት። ምንም አላለችም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥጋዋን ከአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ፣ ከተፎካካሪው ትገዛና በኬኔት ፊት ስታልፍ ፌስታሉን በዓይኑ ትክክል ከፍ አድርጋ፣ "ደህና አደርክ ኬኔት?" ትለዋለች። ለዓመታት! ጡረታ ሲወጣ በተደረገው ግብዣ ላይ እንኳን የራሷን ሳንድዊች ይዛ መጣች፤ ሥጋው ከማን እንደተገዛ መናገር አያስፈልገኝም። እንዲህ ያለች ሴት ናት። ለዚህም ነው የምወዳት።

የእሷ መደብና የእኔ የቺዝ መደብ አንድ ጣውላ ነው የሚለያቸው። ትከሻዋ ሰፊ ነው፤ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ጣቶቿ ወፋፍራም ሆነው ሳለ ፀጉር የምታህል ሽቦ ሲይዙ አይንቀጠቀጡም። በልጅነቷ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ፋብሪካ ገብታ ሽቦ ስትጠቀልል ነው ያደገችው። ፋብሪካው ሲዘጋ ቢሮ ጠረገች፣ ሰሃን አጠበች፣ ያላደረገችው የለም። ወደ ቬፕ፣ ወደ ኤሌክትሪክ ሲጋራው፣ ሥራ የገባችው በአባቷ ምክንያት ነው።

አባቷ ዊልፍሬድ የጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበሩ፤ ከጉርምስናቸው ጀምሮ ሲጋራ ከከንፈራቸው ተለይቶ አያውቅም። ደረታቸው ሲያፏጭ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ሐኪሙ ሎርናን ለብቻዋ ጠርቶ፣ "ካላቆሙ ብዙ ክረምት አይቆዩም" አላት። የሱቅ ቬፕ ገዝታ ሰጠቻቸው፤ "ስኳር ውሃ ነው" ብለው ወረወሩት። ከዚያ የፋብሪካው እጇ ትዝ አላትና ራሷ የሚያሞቀውን ሽቦ ጠቅልላ፣ ፈሳሹን የሚጠጣውን ጥጥ አልብሳ፣ ለእሳቸው የሚስማማ ሠራችላቸው። ሳቡት። ደግመው ሳቡት። ሲጋራውን የጣሉት በዚያ ሳምንት ነው፤ ክረምቱ ሳያልቅ ኳስ ለማየት ዳገቱን በእግራቸው መውጣት ጀመሩ። ጎረቤት ሁሉ ለእኔም ለእኔም ሲል መደቡ ተከፈተ።

መደቡን የከፈተችው ከክሬግ ታተርሶል ጋር ነው። ይሄን ስም ስጠራ ምራቄን መዋጥ ያቅተኛል። እሷ እጅ ነበራት፣ እሱ አፍ። እሷ ትጠቀልላለች፣ እሱ ይለፈልፋል። ለደንበኛ ሁሉ "የኔ ውድ" ነው፣ "ቆንጆ" ነው፤ እኔን እንኳን በዚህ ዕድሜዬ ቆንጆ ይለኝ ነበር፤ እኔም ሞኟ ቁራጭ ቺዝ እሰጠው ነበር። በነጻ በላው!

ሰው ሁሉ ሎርናን የሚጠይቃት አንድ ጥያቄ ነው፤ "ይሄ ነገር ምን ያህል ይግላል?" መልሷ ሁሌም ያው ነው። "ጥጡ እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሁለት መቶ ዲግሪ፣ ቢበዛ ሁለት መቶ ሃያ፤ ኬክ የምትጋግሪበት ምድጃ ያህል። ፈሳሹ ሙቀቱን እየበላ እንፋሎት ይሆናል። ጥጡ ከደረቀ ግን የሚበላለት የለም፤ ሽቦው ይነሳል፣ ጥጡን ያሳርራል። ባዶውን ከተውሽው ደግሞ እንደ ፍም እስኪቀላ ይሄዳል፤ ያኔ ስድስት መቶም ሰባት መቶም ነው።" ይህን ስትናገር ድምጿ የዳቦ ዋጋ እንደምትነግር ሰው ነው።

ሥራው ሕግ አለው። አዲስ ሽቦ መጀመሪያ ያለ ጥጥ ግሎ እንዲቀላ ይደረጋል፤ ከመሀል ጀምሮ እኩል መቅላቱ ይታያል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። ሲቀዘቅዝ የቬፑ ማሽን ላይ ያለውን መቆለፊያ ትጫናለህ፤ ማሽኑም "ቀዝቃዛው ሽቦ ይሄ ነው" ብሎ ይይዛል፣ ሙቀቱንም ከዚያ ተነስቶ ይቆጥራል። ሽቦው ገና ትኩስ ሳለ ከቆለፍክ ግን ያንን ትኩሳት እንደ ቅዝቃዜ ይይዝና በላዩ ላይ ይጨምራል። ሁለት መቶ ሃያ ብሎ ይጽፍልሃል፣ ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ነው ሎርና ሽቦው እስኪቀዘቅዝ ከፔርሙዟ ሻይ ቀድታ ቁጭ የምትለው። ክሬግ መቀመጥ አይችልም። ሰውየው የትራፊክ መብራት ላይ እንኳን ቆሞ አያውቅም።

ሌላም ልማድ አለ፤ የጠቀለለው ሰው ከደንበኛው ቀድሞ በደንበኛው ፊት ይስባል። ያልሳብከውን ለሰው አትሰጥም። ይህን የማያደርግ ሰው በጠቅላዮቹ ዘንድ ነውረኛ ነው።

እንግዲህ ያ ቀን። የበርንሊ ኳስ ቡድን በሜዳው የሚጫወትበት ቅዳሜ ነው። ሎርና ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳለች። ዊልፍሬድ ሽቧቸውን ሊያስቀይሩ መጡ። ክሬግ የቡድኑን ስካርፍ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ አንድ እግሩ መንገድ ላይ ነው። እኔ ለአንዲት ሴትዮ ላንካሻየር ቺዝ እየቆረጥኩ ነበር፤ ሲያቀላው አየሁ፣ ወዲያው አንድ ነገር ሲጫን አየሁ፣ ጥጡን ሲወትፍ አየሁ። ያኔ ስለ መቆለፊያው ምን አውቄ! ራሱ ሳይስብ "እንካ ሽማግሌው፣ በል ቶሎ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው" ብሎ አቀበላቸው።

ዊልፍሬድ እንደለመዱት አጥብቀው ሳቡ። ወዲያው ደረታቸውን ይዘው ጎበጡ። ሳሉ፣ ሳሉ፣ ዓይናቸው ፈጦ እንባቸው ወረደ። ቢላዬን ጥዬ በጣውላው ላይ ዘለልኩ ማለት ይቻላል። የተቃጠለ ጥጥ ሽታ አዳራሹን ሞላው። ሰው ተሰበሰበ። ክሬግም ሰው መሰብሰቡን ባየ ጊዜ እጁን ወደ ሰማይ አንስቶ ጮኸ፤ "የሎርና ሽቦ ነው! ስንት ጊዜ ነገርኳት፣ ያ ሽቦ ይግላል እያልኩ!"

ሎርና ጉንጯ ደንዝዞ ስትመለስ ሽቦው ቆሻሻ ውስጥ ተጥሏል፣ ማሽኑም ታጥቦ ተጠራርጓል።

"ትኩስ ሳለ ቆልፈኸው ነበር?" አለችው በዚያ ግማሽ አፏ።

"እኔ? ጀማሪ አደረግሽኝ እንዴ?" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ጥቂት ቆይቶ ከመንገዱ ማዶ ባለ መስታወት የቬፕ ሱቅ ከፈተ። በሩ ላይ ምን ብሎ ቢጽፍ ጥሩ ነው? "ቀዝቃዛው ሽቦ"! የከተማው ሰው ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ወሬ ከሰማ ማጣራት ድካም ይሆንበታል። የሎርና ደንበኞች አንድ በአንድ መንገዱን ተሻገሩ፤ አንዳንዶቹ በእሷ መደብ በኩል ላለማለፍ በዓሳ ሻጩ በር ይዞሩ ነበር።

ይሄ ሁሉ አላንገበገባትም። ያንገበገባት አባቷ ናቸው። ከዚያ ቅዳሜ ማግስት፣ እሁድ፣ ጥብስና ዮርክሻየር ፑዲንግ የሚሉትን ቂጣ ሠርታ ቤታቸው ብትሄድ ከጓሮ በር ላይ ተቀምጠው ሲጋራ ያጨሳሉ።

"አባዬ፣ እባክህ" አለች።

"ሳንባዬን የጠበሰው ያንቺ ሽቦ ነው። ሲጋራ እንኳን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም" አሏት።

ያ ፉጨት ተመለሰ። እሁድ እሁድ ትሄዳለች፣ ሳህን ስታጥብ በግድግዳው በኩል ትሰማዋለች። ሰኞ ስትመጣ ፊቷ አመድ መስሎ ነው። "ደንበኛ ይመጣል ይሄዳል፣ ቤርኒስ" አለችኝ አንድ ጠዋት፣ "አባቴ ግን እኔ ገዳዩ መስዬው ራሱን እየገደለ ነው።" ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኔ አለቀስኩላት፤ እሷ አላለቀሰችም።

እኔ ሐሳብ አላጣሁም። የከረመ ሰማያዊ ቺዝ በክሬግ ሱቅ የፖስታ ማስገቢያ በኩል እናስገባለት አልኳት። መስታወቱ ላይ ቅቤ እንቀባ አልኳት። ወንድሜ መኪናውን በሩ ላይ አቁሞ ይጥፋ አልኳት።

"አያስፈልግም" አለችኝ። "እኔ ጣቴን አላነሳበትም። ያንኑ ስህተት እሱ ራሱ ይደግመዋል፣ ቸኩሎ። የምፈልገው ሰው እያየ እንዲያደርገው ነው።"

በየዓመቱ ቬፕ የሚወዱ ሰዎች በሸማኔዎች ክበብ የላይኛው ፎቅ ይሰበሰባሉ። ቀን ነው፣ ልጅ አይገባም፣ ቢራና ፓይ አለ። ጠቅላዮቹ በሰው ፊት ሽቦ ይሠራሉ፣ ይስባሉ፣ ትልቁን ጭስ ያወጣ ዋንጫ ይወስዳል። የክበቡ ኃላፊ ግሬስ ናት፤ የእኔ የባሌ እህት። ሎርና በሕይወቷ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ዘንድሮ ሁሉም ከአንድ ጥቅል ሽቦ ቆርጠው እንዲሠሩ ግሬስን እንድነግራት። "ለፍትሕ ነው በያት" አለችኝ። ግሬስ ፍትሕ የሚለውን ቃል ስትሰማ ዳኛ መሆን ይቃጣታል፤ ወዲያው ተስማማች። የጠረጴዛዎቹን አቀማመጥ እኔ ራሴ አስተካከልኩ። ሎርናና ክሬግ ጎን ለጎን። አይ የኔ ነገር!

ክሬግ ፀጉሩን ቀብቶ፣ የሱቁ ስም የተጻፈበት ካናቴራ ለብሶ መጣ። "ሎርናዬ፣ አለሽ? የእሳት አደጋ መኪና ጠርተሻል ዛሬ?" ሰው ሳቀ። እሷ መነጽሯን አደረገች።

ግሬስ ደወሏን መታች። ሁሉም ከአንዱ ጥቅል ቆረጡ። ሎርና ጠቀለለች፣ አቀላች፣ አስቀመጠች፣ ሻይዋን ቀዳች። ክሬግ አሁንም ያወራል፤ ለዚህኛው ይጠቅሳል፣ ለዚያኛው ቢራ ያነሳል፤ ሲባንን ሎርና ቀዝቅዞላት ቆልፋ ጥጥ እያለበሰች ነው።

ቀና ሳትል፣ "ገና ነህ እንዴ፣ ክሬግ?" አለችው። ይሄን ብቻ።

አንገቱ ቀላ። ሽቦውን ያዘ፣ አቀላው፤ ፍም መሰለ፤ ቀዩ ገና ከመጥፋቱ አውራ ጣቱ መቆለፊያው ላይ አረፈ። አየሁት! በእነዚህ ዓይኖቼ። ወደ ሎርና ዞርኩ፤ እሷም አይታለች። "ቆይ" የምትል አንዲት ቃል ብትወጣት ይቆም ነበር። እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ ሻይዋን ጠጣች። ክፋት ነው የምትሉ በሉ። እኔ በበኩሌ ትንፋሼን ይዤ በውስጤ "ሳብ፣ ሳብ፣ ሳብ" እያልኩ ነበር።

ጥጡን ወተፈ፣ ፈሳሽ አንጠባጠበ፣ ለሰው እጁን አውለበለበ፣ ከዚያም ሙሉ ሳንባውን ከፍቶ ሳበ።

ወይ ጉድ! መጀመሪያ ድምፅ አልወጣውም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ከፈተ። ከዚያ ሳሉ መጣ፤ ጠረጴዛውን ይዞ ተንበረከከ፣ ቢራው ተደፋ፣ የተቀባው ፀጉር ግንባሩ ላይ ወረደ። ያው የተቃጠለ ጥጥ ሽታ። እውነቱን ልናገር፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ግን እየተንቀራፈፍኩ ነው ያቀበልኩት።

"ሽቦው ነው!" አለ በተሰነጠቀ ድምፅ። "ሽቦው ይግላል!"

ሎርና ተነሳች። ማሽኗን አንስታ በሰው ሁሉ ፊት ረጅም፣ የተረጋጋ አሳሳብ ሳበችና ነጭ ጭስ እስከ ጣሪያው ለቀቀች። ሳል የለ፣ ምን የለ። "ከአንድ ጥቅል ነው የቆረጥነው" አለች።

ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ከኋላ አንዱ፣ "መጠቅለል አይችልማ!" አለ። ይሄኛው ነው የገደለው። ክሬግን ውሸታም በለው፣ ይስቃል። ሥራ አይችልም በለው፣ ይፈነዳል።

"እችላለሁ!" ብሎ አንቧረቀ። "ትኩስ ሳለ ቆለፍኩት፣ በቃ! ማንም ላይ ይደርሳል! ያኔም ለዊልፍሬድ ስቀይር..."

እዚያ ላይ አፉን ያዘ። ግን ወጥቷል። ግሬስ እንኳን ደወሏን እንደያዘች ቀረች።

"ጨርሰው" አለች ሎርና።

"ሎርና..."

"ጨርሰው።"

"ያኔም ትኩስ ሳለ ቆልፌው ነበር" አለ ወለሉን እያየ። "ሽቦው ምንም አልነበረውም።"

እልል ማለት ነበር የቀረኝ። ዋንጫውን ማን እንደወሰደ አላስታውስም፤ ማንም አያስታውስም። ሎርና ኮቷን ለበሰች፣ የክሬግንም ኮት አነሳችና አቀበለችው። "ተነስ፤ ይሄንኑ ለአባቴ ትነግረዋለህ።" እንደ በግ ተከተላት። እኔስ ልቀር ነው? እግሬ ያምመኛል ብዬ አላውቅም በዚያን ቀን።

ዊልፍሬድ ከጓሮ በራቸው ላይ ሲጋራ በእጃቸው ይዘው ተቀምጠዋል። ሎርና ክሬግን ፊታቸው ገተረችው። በዚያ በሻከረ ድምፁ ሁሉንም ተናዘዘ፤ ጨዋታው፣ ችኮላው፣ መቆለፊያው፣ ሳይስብ ማቀበሉ፣ ስሟን ማጥፋቱ። ሎርና የአባቷን ፊት ትመለከታለች። ያን ያህል ጊዜ የጠበቀችው ይህችን ደቂቃ ነው።

ሽማግሌው አመዱን አራገፉ።

"አውቃለሁ" አሉ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?" አለች።

"ጥጡ ነበር የተቃጠለው። ዕድሜዬን ሙሉ ጥጥ ውስጥ ነው የኖርኩት፣ የተቃጠለ ጥጥ ይጠፋኛል? አፌ ውስጥ ሳለ ነው የገባኝ። ያንቺ እጅ እንደዚያ አይሠራም።"

"ታዲያ ለምን..." አለች። "ለምን በእኔ ላይ?"

ወደ ጓሮው ዞሩ። "ሲጋራዬ ናፍቃኝ ነበር፣ ልጄ። ምክንያት አገኘሁ።"

ክሬግ በዚያ በቆሰለ ጉሮሮው ሊስቅ ቃጣው፤ በክርኔ ጎኑን አገኘሁትና ተወው። "አንተ ሂድና ያንን ጽሑፍ ከበርህ ላይ ፋቅ፤ ነገ ጠዋት እዚያ ካየሁት እኔ በጥርሴ ነው የምፍቀው!" ብዬ አባረርኩት። ፍቆታል፤ አሁን ጫማ ያድሳል ይላሉ፣ አላየሁትም፣ ማየትም አልፈልግም።

ሎርና ምን ታደርግ ይሆን ብዬ ፈራሁ። ያን ሁሉ ቂም ለክሬግ ቋጥራ፣ ትልቁ በዳይ ጥብሷን እየበላ ኖሯል! ብትጮህ ደስ ይለኝ ነበር። አልጮኸችም። የአባቷን ኮት ከሚስማሩ ላይ አወረደች፣ ሲጋራቸውን ከእጃቸው ወስዳ የእቃ ማጠቢያው ውስጥ ከተተችና ውሃ ለቀቀችበት።

"ከነገ ጀምሮ መደቤ ላይ ትቀመጣለህ" አለች። "ለሚመጣው ሰው ሁሉ፣ 'ስለ ልጄ ሽቦ የተወራው ውሸት ነው፣ ዝም ብዬ ያስወራሁትም እኔ ነኝ' ትላለህ። ጠዋት ስንከፍት ትመጣለህ፣ ስንዘጋ ትሄዳለህ።"

"አዳራሹ ውስጥ ሲጋራ ክልክል ነው" አሉ ሽማግሌው፣ ደንግጠው።

"አውቃለሁ" አለች።

ይኸው በእሷ ጠርሙሶችና በእኔ ቺዝ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። ደንበኛ ሲመጣ ይነሳሉ፣ ያችን ቃል ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። መጀመሪያ እያጉተመተሙ ነበር፤ "አልሰማሁም!" እያልኩ የማስደግማቸው እኔ ነኝ። ወደ በሩ ፈንጠር ሊሉ ሲሉ ሎርና "አባዬ፣ ሰው መጣ" ትላለች። ሰው ባይመጣም ትላለች። ሌላ መላ ሲያጡ የእሷን ሽቦ ይስባሉ። የሄዱት ደንበኞች ተመልሰዋል፤ አንዳንዶቹ የሚመጡት ሽማግሌውን ለማስለፍለፍ ብቻ ይመስለኛል። ደረታቸው ግን ማፏጨቱን እየተወ ነው። እሷ ሽቦ እየጠቀለለች፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ እንደምታዳምጥ አውቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ገበያው ሲቀዘቅዝ ዊልፍሬድ ቆባቸውን በእጃቸው እያሹ ቀረቧት።

"ሎርና፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ ተቀጣሁ። አሁንስ ይቅር አትዪኝም?"

መነጽሯን አወለቀች። አየቻቸው፤ ፊታቸውን ሳይሆን ደረታቸውን፣ ከፍ ዝቅ ሲል።

"ይቅር ካልኩህ ሄደህ ታጨሳለህ" አለች። "አልልህም።"

ሽማግሌው ቆባቸውን አደረጉ። ከዚያ ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።